በኤጀንሲና በኮንትራት እየሰራችሁ ከሰው ሳትነጠሉ ለመኖር፦ ከፊርማው ቀን እስከ ስንብት ምን ምን ታደርጋላችሁ

4 አመት ሙሉ የአንድ መስሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ቆሜያለሁ። በዛ ጊዜ ውስጥ ስራ አስኪያጁ ሶስት ጊዜ ተቀይሯል፣ እኔ ግን እዛው ነበርኩ፣ የግቢው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር የሚያድረው። በወረቀት ሲታይ ግን የዛ መስሪያ ቤት ሰው አልነበርኩም፣ የቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው፣ በየአመቱ ሰኔ ላይ አዲስ ኮንትራት ያመጡልናል እኛም ቆመን እንፈርማለን፣ አራተኛው ሰኔ ላይ የኔ ወረቀት ሳይመጣ ቀረ፣ በቃ።

ያኔ የቀረብኝ ደሞዝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ገና እየሰራሁ እያለሁም ብዙ ነገር ሲቀርብኝ ነው የኖርኩት። ብድር ልጠይቅ ስሄድ ፎርሙ የቋሚ ሰራተኛ ደብዳቤ ይላል። ታናሽ ወንድሜ ካሸር ሆኖ ሊቀጠር ሲል ተያዥ ሁነኝ አለኝ፣ አብረን ሄድን፣ የኮንትራት ሰራተኛ ተያዥ አይሆንም ተባልኩ፣ ወንድሜ ፊት። ሰፈር ውስጥ ቀብር ሲኖር እኔ ሺፍት ላይ ነኝ፣ እድሩ ቅጣት ይጽፍብኛል። ሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ቀስ በቀስ ከሰው መሀል የሚወጣው፣ ማንም ውጣ ሳይለው።

የኢኮኖሚ ሰዎች ይሄን «ተለዋዋጭ የስራ ገበያ» ይሉታል፣ ቀጣሪ ስራ ሲበዛለት ቶሎ የሚቀጥርበት፣ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ ያለ ብዙ ጣጣ ሰው የሚቀንስበት ማለት ነው። ጥቅም የለውም አልልም፣ ልምድ ለሌለው ልጅ በር የሚከፈትለት ብዙ ጊዜ በኮንትራት ነው፣ የልብስ ፋብሪካም ትእዛዝ ሲመጣለት ነው ሰው የሚፈልገው። ግን ጣጣውን ማን ተሸከመው ካላችሁ ሰራተኛው ነው፣ ቤተሰቡ ነው፣ ተያዡ ነው። እኔ ከዛ ከወጣሁ በኋላ የሰው ውል እያነበብኩ ስረዳ ቆይቻለሁ፣ የህግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን አዋጁን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ችሎትም ቆሜያለሁ። የምጽፈው በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በተላላኪነት፣ በማሸጊያና በልብስ ስፌት ላይ ላላችሁ ነው።

መጀመሪያ የቱ ህግ እንደሚገዛችሁ እወቁ። አሁን የሚሰራው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ የድሮውን 377/1996 የተካው። አዲሱ ለቀጣሪውም ሰጥቷል ለሰራተኛውም ሰጥቷል፦ የሙከራ ጊዜን ከ45 ተከታታይ ቀን ወደ 60 የስራ ቀን አስረዘመ፣ በሌላ በኩል የመጀመሪያውን የአመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የስራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ አደረገ፣ ለአባትም 3 ቀን ጨመረ። ስለዚ «ህጉ ለኛ አልተሰራም» የሚለውን ወሬ ተዉት። ትልቁ ጉድለት የደሞዝ ወለል ነው፣ አዋጁ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ ለግል ዘርፉ ግን ወለል ሳይቆረጥለት አመታት አልፈዋል። ሌላው ጉድለት የቤት ሰራተኞች ናቸው፣ በሌላ ደንብ ይታያል ብሎ አዋጁ አልፏቸዋል፣ በጣም የሚያመኝም እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ብቻቸውን ያሉት እነሱ ናቸውና። እህቶቼ፣ ከታች ስለ ማስረጃ፣ ስለ መታወቂያና ስለ እድር የምለው ለናንተም ይሰራል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ደሞዙን ከማየታችሁ በፊት «ቀጣሪዬ ማነው» ብላችሁ ጠይቁ። ኤጀንሲ ከሆነ ነገ ስትጣሉ የምትከሱት ኤጀንሲውን ነው እንጂ የምትቆሙበትን በር አይደለም። ስለዚ የኤጀንሲው ሙሉ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቢሮው ቁጥር፣ እነዚህን ጽፋችሁ ያዙ፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በስልክ ፎቶ አንሱት። ስንት ሰው አይቻለሁ ክስ ሊጽፍ ሲል የቀጣሪውን ስም በቅጡ የማያውቅ፣ የሚያውቀው ዩኒፎርሙ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው። ኤጀንሲ ደግሞ ስራ አስገባሁህ ብሎ ከሰራተኛ ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ አምጡ ካላችሁ ገና ከበሩ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የውሉ አይነት፣ እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ነው። የህጉ መነሻ ማንኛውም የስራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል የሚል ነው፣ አንቀጽ 9። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፦ ተለይቶ የታወቀ አንድ ስራ ለመጨረስ፣ ፈቃድ የወጣ ወይ የታመመ ሰራተኛን ለመተካት፣ ከተለመደው በላይ ስራ ሲደራረብ፣ ህይወትና ንብረት ለማዳን አስቸኳይ ስራ ሲመጣ፣ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ስራ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የሚሰራ ሲሆን፣ የመሳሰሉት። አሁን የራሳችሁን ስራ ከዚህ ጋ አስተያዩት። የመስሪያ ቤት በር በየቀኑ ይጠበቃል፣ ቢሮ በየቀኑ ይጠረጋል፣ ወቅት የለውም። ወረቀቱ «የ1 አመት ኮንትራት» ስላለ ብቻ ስራው ጊዜያዊ አይሆንም፣ አመት ጠብቆ የሚታደስ ውል ለአራት አመት ሲታደስ ደግሞ ራሱ ነው ምስክሩ።

ታዲያ አልፈርምም ልበል ወይ? አይደለም፣ ስራው ያስፈልጋችኋል፣ ፈርሙ። ግን ሶስት ነገር አትፈርሙ። አንደኛ ቀን ያልተጻፈበት የስራ መልቀቂያ፣ ገና ስትገቡ አስፈርመው ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጡት አለ፣ ሊያስወጧችሁ ሲፈልጉ ቀን ይሞሉበትና በራሱ ፈቃድ ለቀቀ ይላሉ። ሁለተኛ ባዶ ወረቀት ወይም የደሞዙ ቦታ ያልተሞላ ውል። ሶስተኛ በየአመቱ እድሳት ላይ ከአዲሱ ውል ጋ ደርበው የሚሰጧችሁን «የሚገባኝን ክፍያ ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት፣ በእውነት ካልተቀበላችሁ። እምቢ ማለት ካስፈራችሁ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ የተቀበላችሁትን ብር ልክና ቀኑን ጻፉበት። እኔ ሶስተኛውን ሶስት ጊዜ ፈርሜያለሁ ሳላነበው፣ ችሎት ላይ መልሶ የመጣብኝም እሱ ነው።

ኮፒ እንሰጣችኋለን ብለው ካልሰጡ ወይም ጭራሽ የጽሁፍ ውል ከሌለ አትደንግጡ፣ ውሉ ባለመጻፉ መብታችሁ አይቀርም፣ እንደውም ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የስራውን አይነት፣ ቦታውን፣ ደሞዙንና የውሉን ጊዜ ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ደግሞ በጽሁፍ ካልሆነ የለም። 60ው የስራ ቀን ሊያልቅ ሲል አስወጥተው ከሳምንት በኋላ «እንደገና በሙከራ» የሚሉ አሉ፣ ለዛው ስራ እዛው ቀጣሪ ጋ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ሙከራ የለበትም።

በየቀኑ የምትሰበስቡት

ጋሼ የምንለው ሽማግሌ ጥበቃ ነበር አብሮኝ፣ በኪሱ ትንሽ ደብተር ይይዛል፣ የገባበትን ሰአት፣ የወጣበትን፣ ማን እንደተካው፣ በአል ከሆነም በአል ብሎ ይጽፋል፣ በየቀኑ፣ ለአመታት። በኦቨርታይም ከኤጀንሲው ጋ ሲከራከር የአሰሪና ሰራተኛ ተቆጣጣሪዋ የኤጀንሲውን የፊርማ መዝገብ አስመጣች፣ ከጋሼ ደብተር ጋ አስተያየችው፣ አንድ ሆነ፣ ከፈሉት። እኔ ያኔ ምንም አልነበረኝም።

ስለዚ ደብተር ያዙ። ደሞዝ በእጅ ከሆነ በባንክ ወይ በቴሌብር እንዲሆን ጠይቁ፣ ስቴትመንቱ ከማንም አፍ ይበልጣል። የሺፍት ፕሮግራም ሲለጠፍ ፎቶ አንሱ፣ ሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም «ነገ ግባ» ያላችሁን አታጥፉት። ስልክ ይጠፋል፣ ስለዚ የውሉንም የመታወቂያ ባጁንም ፎቶ ለእህታችሁ ወይ ለምታምኑት ሰው ላኩት እዛም ይቀመጥ። አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የስራ ልምድ ደብዳቤ የሚሰጠው ሲለቁ ብቻ አይደለም፣ ሰራተኛው በጠየቀ ጊዜ በነጻ መስጠት የቀጣሪው ግዴታ ነው። በየአመቱ፣ ሰላም እያላችሁ ጠይቁ። ከተጣላችሁ በኋላ ክሊራንስ ምናምን እያሉ ያመላልሷችኋል።

ሰአቱ

ይሄ አጭር ነው ግን ብር አለው። መደበኛው በቀን 8 ሰአት በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰአት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። ስለዚ ጣሪያው በሳምንት 60 ሰአት ነው፣ ጥበቃ ላይ ያላችሁ በቀን 12 ሰአት 6 ቀን ስትሰሩ 72 ነው፣ ክፍያው ቢሟላ እንኳን ሰአቱ ራሱ ከህግ ውጪ ነው። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰአት ባለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 አንድ ከሶስት አራተኛ፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት፣ በህዝብ በአል ሁለት ተኩል ነው። ለምሳሌ 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው በወር 208 ሰአት ብለን ስናካፍለው በሰአት 28.85 ብር ገደማ ነው፣ የቀኑ ትርፍ ሰአት 43 ብር ገደማ፣ የሌሊቱ 50 ብር ገደማ ይሆናል። ይሄን በራሳችሁ ደሞዝ አስሉና ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ያልተከፈለ ደሞዝና ኦቨርታይም በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ «ስወጣ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ብላችሁ አታስቀምጡት፣ የ4 አመት ኦቨርታይም ብላችሁ ሄዳችሁ የ6 ወር ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ጡረታችሁን ሄዳችሁ እዩ

ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ለግል ድርጅት ሰራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይገባል። ኮንትራት ስለሆናችሁ አይመለከታችሁም የሚላችሁን አትስሙ፣ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረም 45 ቀን እስከሞላ ይሸፈናል። ፔሮል ላይ መቆረጡን ማየት ብቻ አይበቃም፣ መቆረጥና መግባት ይለያያል። እኛ ጋ ሲቆረጥ ቆይቶ ለወራት ገቢ ሳይደረግ ቀርቶ ነበር፣ ያወቅነው አንዱ ልጅ ቅርንጫፉ ሄዶ በመለያ ቁጥሩ ሲያስጠይቅ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፣ መታወቂያ ይዛችሁ በአመት አንዴ ሄዳችሁ አስጠይቁ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እላለሁ፣ ጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 አመት አገልግሎት ይፈልጋል፣ በተለያየ ቀጣሪ ስር የሰራችሁት ይደመራል። በኤጀንሲ የሚኖር ሰው ህይወት ደግሞ እዚህ ሁለት አመት እዛ ሶስት አመት ነው፣ አንዱ ቀጣሪ ካላስመዘገባችሁ ድምሩ 10 ሳይሞላ 60 አመት ይደርሳል። እርጅና ላይ የልጅ እጅ ከማየት እና በየወሩ የራስን ከመቀበል መካከል ያለው ልዩነት ያቺ ያልተመዘገበች ሁለት አመት ልትሆን ትችላለች።

ተያዥና መታወቂያ

ተያዥ የሚባለው ነገር ላይ ማንም ሲጽፍ አላየሁም ግን ከኮንትራት ስራ ጋ የሚመጣው መገለል ሁሉ እዚህ ጋ ነው ቋጠሮው። ስራ ለማግኘት ደሞዝ ያለው ተያዥ አምጣ ይባላል፣ ቋሚ ዘመድ የሌለው ከገጠር የመጣ ልጅ ከየት ያመጣል፣ ደላላው ተያዥ በብር ይገዛለታል ወይ ስራው ይቀርበታል። የገባውም ሰው ደግሞ ለታናሹ መያዝ አይችልም ስለዚ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቋሚ ደሞዝ ያለው አጎት ደጅ ይጠናል፣ አጎትየውም ስንቱን ይያዝ።

ማድረግ የምትችሉት ይሄ ነው። የዋስትናውን ጽሁፍ ተያዣችሁ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ አንብቡ። በፍትሐብሔር ህጉ መሰረት ዋስትና የሚጸናው ዋሱ እስከስንት ብር እንደሚጠየቅ ከፍተኛው ልክ ተጽፎ ሲገኝ ነው፣ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብቻ የሚለው ለተያዣችሁም አይበጅም፣ ብር ይጻፍ። ልኩም ከስራው ጋ ይመጣጠን፣ የጽዳት ሰራተኛ የመቶ ሺዎች ዋስ ምን ያደርጋል። ስትለቁ ደግሞ ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁና ራሳችሁ ለሰውየው አድርሱት። የኔ ተያዥ የእናቴ ወንድም ነበሩ፣ ደብዳቤውን ቤታቸው ድረስ ወስጄ ስሰጣቸው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዛ ለወንድሜ ያዙለት። ዋስትናው ሳይነሳ ቢቀር ኖሮ ሁለተኛ ሰው አይዙም ነበር።

መታወቂያም እንደዛው ነው። ከክፍለ ሀገር ስትመጡ ከቀበሌያችሁ መሸኛ ሳታወጡ አትምጡ፣ ኋላ ለአንድ ወረቀት ስራ አስፈቅዶ መመለስ ነው፣ ኮንትራት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ፈቃድ አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ አከራያችሁ በአድራሻቸው እንድትመዘገቡ ካልፈለጉ በሽማግሌም ቢሆን ለምኗቸው፣ ያለ ወረዳ መታወቂያ ብዙ ነገር ይዘጋል፣ ለቀን ሰራተኛ የሚሆነውን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የምትመዘገቡት በወረዳ ነው። ፋይዳ ያላወጣችሁ ዛሬውኑ አውጡ፣ ምዝገባው በነጻ ነው።

እድር፣ እቁብ፣ ማህበር

መስሪያ ቤቱ የሰራተኞች እድር ነበረው፣ ቋሚዎቹ ናቸው አባሎቹ። አንዷ የጽዳት ሰራተኛ፣ ስድስት አመት እዛ የሰራች፣ ባሏ ሲሞት ቤቷ የሄድነው ሁለት ጥበቃና ሁለት ጽዳቶች ብቻ ነበርን። ቋሚዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ለአባል ነው፣ እሷ አባል ስላልሆነች አልተለጠፈም፣ አልሰሙም። ሳሎኗ ውስጥ የተደረደሩት ባዶ ወንበሮች እስካሁን ከአይኔ አይጠፉም።

ከዛ ሳምንት በኋላ የራሳችንን ጀመርን። 12 ሰው ነበርን፣ ከሶስት ህንጻ፣ ሁላችንም በኤጀንሲ፣ ግን የተለያየ ኤጀንሲ። በወር 50 ብር። አሰራሩን ልንገራችሁ ምክንያቱም ማንም ሊያደርገው ይችላል። አንድ ገጽ ደንብ ጻፍን ሁሉም ፈረመ። ዳኛ፣ ጸሀፊ፣ ገንዘብ ያዥ መረጥን፣ ብሩ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን አካውንቱ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ አደረግን። ስለ ቀብር መቅረት የሰፈር እድር እንደሚቀጣው አልቀጣንም፣ ሺፍት ላይ ያለ ሰው በሚቀጥለው እረፍቱ ቤት ሄዶ ከደረሰ እንደመጣ ይቆጠራል አልን። ከሁሉም የምኮራበት አንቀጽ ግን ይሄ ነው፦ ስራ ያጣ አባል ለ6 ወር ባይከፍልም አባልነቱ ይጸናል፣ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይከፍላል። እኔ ስባረር የመጀመሪያው ተጠቃሚ እኔው ሆንኩ፣ አራት ወር ሳልከፍል ቆየሁ፣ አንድም ቀን ስብሰባ ላይ ስሜ በክፉ አልተነሳም።

የሰፈራችሁንም እድር አትተዉት። ቅጣት እስኪከመር አትጠብቁ፣ የሺፍት ፕሮግራማችሁን ይዛችሁ ዳኛው ቤት ሂዱ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን ወይ አርብ ከመስጊድ በኋላ ጥሩ ሰአት ነው፣ ተቀምጣችሁ አስረዱ። በቀብር ፈንታ ድንኳን መትከልና ማፍረስ፣ እቃ ማመላለስ፣ ወይም ባለቤታችሁ በእናንተ ፈንታ እንድትቆም ጠይቁ። ብዙ ዳኞች ይሰማሉ፣ የሚያናድዳቸው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው መመዝገቢያው በየአመቱ ስለሚጨምር ተከራይም ብትሆኑ ቶሎ ግቡ።

እቁብ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ የእቁቡን ቀን ከደሞዛችሁ ቀን በኋላ አድርጉት። ኤጀንሲ ያዘገያል፣ ወር በገባ በ10ኛው በ12ኛው ቀን የሚከፍል አለ፣ እቁቡ በ5 ከሆነ በየወሩ ተበዳሪ ትሆናላችሁ ከዛ ሰው ዋስ አይሆናችሁም።

የሰራተኛ ማህበር ደግሞ 10 ሰው ካለ ማቋቋም ይቻላል፣ ከ10 በታች የሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ያላችሁም ተሰባስባችሁ አጠቃላይ ማህበር ማቋቋም ትችላላችሁ። የማህበር አባል መሆን ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ህጉ በግልጽ ጽፏል። ኢሰማኮ (የኢትዮጵያ ሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን) ስር ያሉ ፌዴሬሽኖች ቢሮ ሄዳችሁ የመተዳደሪያ ደንብ ናሙና ጠይቁ፣ ከዜሮ አትጻፉት።

እርጉዝ ከሆንሽ

ይሄን ለብቻው የማነሳው ኮንትራት በብዛት ሳይታደስ የሚቀረው ሆድ መታየት ሲጀምር ስለሆነ ነው፣ በተለይ ጽዳትና ልብስ ስፌት ላይ። እርግዝና ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም፣ በእርግዝና ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ከእርግዝናው ጋ በተያያዘ ውልሽን ማቋረጥ አይቻልም። ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከደሞዝ ጋ። ስለዚ እርግዝናሽን በቃል ብቻ አትንገሪ፣ የሀኪም ወረቀት ከማመልከቻ ጋ አስገቢ፣ በኮፒው ላይ ተቀብያለሁ የሚል ፊርማና ቀን አስደርጊ። በሚቀጥለው ወር «ኮንትራትሽ አለቀ» ቢሉሽ ከምን በኋላ እንደመጣ ቀኑ ይናገራል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት ህግ ባለሙያዎች ማህበር ነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣል፣ መሄድ አትፈሪ።

ያሰናበቷችሁ ቀን

በንዴት ምንም አትፈርሙ፣ አትሳደቡም። የስንብት ደብዳቤ ከነምክንያቱ በጽሁፍ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ በማግስቱ በሰአታችሁ ስራ ቦታ ተገኙ፣ አትግባ ካሏችሁ ሁለት ሰው ምስክር ይሁን፣ ካልሆነ «5 ቀን ቀረ» ብለው ያለማስጠንቀቂያ አሰናበትነው ይላሉ። ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ ምክንያቱም ከዛ ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፦ ወደ ስራ መመለስ የምትጠይቁ በ3 ወር፣ ከስንብት ጋ የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ። ሽምግልና፣ ልመና፣ «ቆይ እናያለን» የሚለው ተስፋ ሶስቱን ወር በልቶት ያልቃል፣ የኔን በልቶታል ማለት ይቻላል፣ 11 ቀን ሲቀረው ነው ክስ ያስገባሁት።

የምትጠይቁትን ለይታችሁ እወቁ። ስራው ቋሚ ባህሪ ያለው ነው ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ብላችሁ ከተከራከራችሁና ስንብቱ ህገወጥ ከተባለ፣ ወይ ወደ ስራ መመለስ ነው ወይ ካሳ የቀን ደሞዝ 180 ጊዜ ተባዝቶ። በዛ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፣ እስከ 1 አመት ለሰራ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 አመት 2 ወር፣ ከዛ በላይ 3 ወር። በዛ ላይ የስራ ስንብት ክፍያ፣ ለመጀመሪያው አመት የ1 ወር ደሞዝ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አመት ሲሶው፣ እስከ 12 ወር ደሞዝ። 6,000 ብር ደሞዝ፣ 4 አመት አገልግሎት ካልን ካሳው 36,000፣ ማስጠንቀቂያው 12,000፣ ስንብቱ 12,000፣ በድምሩ 60,000 ብር ነው። ኮንትራቱ በእውነት ለተወሰነ ጊዜ ነው ከተባለ ግን የሚታሰበው ሳይደርስ የተቋረጠው ቀሪ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያ ነው የውሉ አይነት ላይ ያን ያህል ያቆምኳችሁ። የሰራችሁበት ቀሪ ደሞዝ ደግሞ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊጨምርበት ይችላል።

መጀመሪያ የክፍለ ከተማችሁ ስራና ክህሎት ጽህፈት ቤት ያለውን የአሰሪና ሰራተኛ ክፍል ማናገር ጥሩ ነው፣ ብዙ ነገር እዛ ያልቃል። ካላለቀ የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የስራ ክርክር ችሎት ነው፣ ሰራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ክሱ ላይ ኤጀንሲውን በትክክለኛ ስሙ ጻፉ። ማስረጃችሁን በየቀኑ ደርድራችሁ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኦሪጅናሉንም።

ምስክር የሚሆን ሰው ሲፈራ አትቀየሙት፣ እሱም ልጆች አሉት። በክርክር ላይ መሳተፍ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26ን አሳዩት፣ ከቻላችሁ ከናንተ ኤጀንሲ ውጪ የሆነ ሰው ፈልጉ። ለኔ የመሰከሩልኝ የዛች ትንሽ እድር ሁለት አባሎች ናቸው፣ አንዱ ከፊት ለፊት ህንጻ ጥበቃ፣ አንዷ ባሏ የሞተባት ያቺ የጽዳት ሰራተኛ፣ ኤጀንሲያቸው ከኔ የተለየ ነው፣ አራት አመት በየቀኑ በሩ ላይ እንደሚያዩኝ ተናገሩ፣ ዳኛዋም ከየትኛው ሰኔ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።